ልጃችን በመሀላችን ስትላላክ ቃላችንን ትቀይር ኖሯል፤ ምን ላድርግ?

ፎቶኮፒው (ጎንደር፣ ፒያሳ)
ሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ ገብቼ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ለአንድ ሰው ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ለጓደኞቼ ብነግራቸው ዓመት ይስቁብኛል። እናንተም ሳቁ፣ ግን ፊታችሁን አላየውም።

እኔና ባለቤቴ ከተኳረፍን 11 ቀናችን ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሱን አስቀድሜ ልናገር። የታናሽ ወንድሜ ባጃጅ ሞተር ነክሶበት 15,000 ብር አበደርኩት፤ ሳላማክራት። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ የወንድሜ ሚስት አገኘቻትና "እግዜር ይስጥልን፣ ባትደርሱልን ምን ይውጠን ነበር" አለቻት። ባለቤቴ ነገሩን አታውቀውም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለሷ ሞት ነው። "አሜን፣ ምን አደረግን" ብላ ሽንኩርቷን አስመዝና መጣች።

ቤት ስትገባ ብትጮህብኝ በስንት ጣዕሙ። "አንቱ" አለችኝ። ባለቤቴ ስትናደድ አንቱ ትለኛለች። "አንቱ፣ እራትዎ ተሸፍኗል።" በሦስተኛው ቀን አንቱውም ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ወሬ የምታመላልሰው ትልቋ ልጃችን ናት፤ 7 ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ትንሹ ገና 4 ነው፣ እሱ ከላኩት መንገድ ላይ ይረሳዋል። ማድቤታችን ግቢ ውስጥ ለብቻው ስለሆነ ከዋናው ቤት ስታወራ አይሰማም። "ሂጂ ለእናትሽ ቁልፉ የት ነው በያት።" "ሂጂ ለአባትሽ ረቡዕ የወላጅ ስብሰባ አለ በዪው።" እንዲህ ስትሮጥ ትውላለች።

ትናንት ማታ ውሃ መጣ። ሰፈራችን ውሃ በመጣ ሌሊት ምን እንደሚመስል የጎንደር ሰው ያውቀዋል፤ ሰርግ ነው። ልጅቷን "እናትሽ ጀሪካኖቹን የት አድርጋቸው ነው በያት" ብዬ ላኩና እኔ ቱቦውን ይዤ በማድቤቱ ጓሮ ዞርኩ። በቆርቆሮው ስንጥቅ ይሰማል።

ልጄ እንዲህ አለቻት፦ "እማ፣ አባዬ ደክሞሻል ወይ እያለ ነው። ቁጭ በይ፣ እኔ እቀዳለሁ እያለ ነው። ጀሪካኖቹስ የት ናቸው?"

እኔ እንዲህ አላልኩም።

እናቷ ትንሽ ዝም አለች። "በሩ ኋላ ናቸው በዪው" አለቻት። ልጅት ዞራ መጣች፣ እኔም ቶሎ ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። "አባ፣ በሩ ኋላ ናቸው ብላለች። ብርድ እንዳይመታህ ጃኬትህን ደርብ ብላለች።"

ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ሐሙስ "ሽሮው ላንተ ተብሎ ነው ቅቤ የገባበት" ተብያለሁ። ቅዳሜ "ሱቅ ዛሬ ቶሎ ዝጋ፣ ትደክማለህ" ተብያለሁ። ልቤ እየራራ ነበር እኮ! "እሷም ናፍቃኛለች፣ አፏ አልታዘዝ ብሏት ነው" እያልኩ። ለካ የራራሁት ለልጄ ድርሰት ነው።

አሁን ለባለቤቴ ልንገራት? ልጅቷንስ ልቆጣት፣ ልሳማት ወይስ እንዳላወቀ ልሁን? ውሸት ነው እኮ። ግን እንዲህ ያለ ውሸት አይቼ አላውቅም።


ማራኪ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 4:22

ይቺን ልጅ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይቅጠርልን። ደመወዟን እኛ እናዋጣለን።


የአዘዞዋ
ሰኞ፣ ማታ 4:31

ወይኔ አንጀቴን በላችው። አንድ ጥያቄ አለኝ ወንድሜ፤ ጃኬቱን ደረብከው ወይ?


ፎቶኮፒው
ሰኞ፣ ማታ 4:33

ደረብኩት።


የሦስት እናት
ሰኞ፣ ማታ 4:50

ሁላችሁም ስለ ልጅቷ ታወራላችሁ። እኔ ያቺን ሴት ገበያ መሀል ቆማ አየኋት። ወንድሜ፣ ብሩ አይደለም ያናደዳት። 15,000 ብር ብትጠይቃት ምናልባት "20 አድርገህ ስጠው፣ ልጆች አሉት" ትልህ ነበር። ያናደዳት የራሷን ቤት ወሬ ከሰው አፍ መስማቷ ነው። በዚያ ላይ "አሜን" አለች! አላጋለጠችህም። "ምን ሰጠናችሁ ደግሞ?" ብትል ኖሮ ያንተም የወንድምህም ፊት እዚያው ሽንኩርት ላይ ይወድቅ ነበር። ሸፍናህ መጥታ ነው ቤቷ ገብታ አንቱ ያለችህ። ልጅቱ ቃል መሸፋፈኑን ከማን ተማረች ብለህ ታስባለህ?


ፎቶኮፒው
ሰኞ፣ ማታ 4:58

እህቴ፣ ይሄን እንዲህ አድርጌ አላየሁትም ነበር። 11 ቀን ሙሉ "ለገዛ ወንድሜ ባበድር ምን አለበት" እያልኩ ነው ከራሴ ጋር የተከራከርኩት።


ሕግ አዋቂ ነኝ ግን አልከራከርም
ሰኞ፣ ማታ 5:15

ለነገሩ ያህል፦ በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አንቀጽ 68 ላይ ከጋራ ገንዘብ ከ500 ብር በላይ ለማበደር የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። አማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፤ እኔ የጠቀስኩት የፌዴራሉን ነው። ስለዚህ ወንድማችን፣ ባለቤትህ ኩርፊያ ብቻ መምረጧን እንደ ምሕረት ቁጠረው።


ማራኪ ልጅ
ሰኞ፣ ማታ 5:18

500 ብር? እንዲህ ከሆነ ለጓደኛዬ ምሳ በጋበዝኩ ቁጥር ሚስቴን ማስፈረም አለብኝ።


ሕግ አዋቂ ነኝ ግን አልከራከርም
ሰኞ፣ ማታ 5:20

የ1992 ብር እንደነበር አትርሳ። ግብዣህ ደግሞ ብድር ሳይሆን ስጦታ ነው። የስጦታው ጣሪያ 100 ብር ነው፣ ይብስብሃል።


ቀጥ ያለ ነገር
ሰኞ፣ ማታ 5:40

ሰው ሁሉ "እንዴት ደግ ናት" ይላል። ያላሉትን አሉ ማለት ውሸት ነው። ዛሬ "ጃኬት ደርብ ብላለች" ያለች ልጅ ነገ "አባዬ ፈቅዶልኛል" ትላለች። ቁጭ አድርገህ አርማት። ልጅ በለጋነቱ ካልታረመ በኋላ ማን ያርመዋል?


የአዘዞዋ
ሰኞ፣ ማታ 5:44

አንተስ ሚስትህ ያበሰለችው ጨው በዝቶበት "እጅሽ ይባረክ" ብለህ አታውቅም?


ቀጥ ያለ ነገር
ሰኞ፣ ማታ 5:47

አላገባሁም።


የአዘዞዋ
ሰኞ፣ ማታ 5:47

ገባኝ።


ዝም አልኩ
ማክሰኞ፣ ጧት 1:05

ሌሊቱን አንብቤው ተኛሁ፣ መልስ ልጽፍ ብዬ ግን እጄ እንቢ አለኝ። አሁን ልሞክር።

እኔም እንደዚያች ልጅ ነበርኩ። አዘዞ ነው ያደግኩት፤ አባቴና እናቴ አንዴ ሲኳረፉ የፍልሰታ ጾም ገብቶ ይፈታ ነበር፣ እነሱ ግን አይፈቱም። መልእክተኛው እኔ ነበርኩ። እኔም እንደ ልጅህ እየጨመርኩ ነበር የማደርሰው፣ መቀነስም እችልበታለሁ። አባቴ "እቺ ሴትዮ ቤቱን በጭስ ልትገለው ነው ወይ በላት" ካለኝ እኔ "አባዬ ጭሱ እንዳያሳምምሽ ብሏል" እላለሁ። ጎበዝ ነበርኩ። ጎረቤት ሁሉ "ይሄ ልጅ አስተዋይ ነው" ይለኛል።

ግን ማንም ያላየው ነገር ነበር። ከቤት እስከ ማድቤት ባለችው መንገድ ላይ ሆዴ ይታሰር ነበር። ምን ልበል? ብሳሳት ምን ይመጣል? ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢወጡና ቃል ለቃል ቢተያዩ ሌባ ሆኜ ልያዝ ነው። ዛሬ 31 ዓመቴ ነው። ሰው በስልክ "እሺ" ብቻ ብሎ ከመለሰልኝ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ከላይ እስከ ታች መልእክቱን መልሼ አነባለሁ። መሥሪያ ቤት ሁለት ሰው ከተጣላ ቡና ጋብዤ የማስታርቀው እኔ ነኝ፤ ማንም አልላከኝም።

ልጅህን አትቆጣት። አታመስግናትም። ካመሰገንካት ሥራው እስከ ወዲያኛው የሷ ሆነ። ሥራዋን ውሰድባት። ሌላ የምለው የለኝም።


የሦስት እናት
ማክሰኞ፣ ጧት 1:30

ወንድሜ፣ "አታመስግናትም" ያልከው ላይ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ልጆቼን በዚህ ነው የማመሰግናቸው።


የቁስቋም ሽማግሌ
ማክሰኞ፣ ጧት 3:00

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እያወራሁ ነው።

በኛ ዘመን ባልና ሚስት አንቱ ይባባሉ ነበር። እናቴ የአባቴን ስም ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። "እሳቸው" ነው የምትለው። ሲጣሉም አንቱ ነው፣ ኩርፊያው በአክብሮት ነው። እንግዲህ ይሄ ልጅ ባለቤቱ ስትቆጣ አንቱ አለችኝ ሲል ገረመኝ፤ እኛ ስንዋደድ ነው ያልነው፣ እናንተ ስትጣሉ።

አሁን ልጅ መላላኩ እኛም ጋ ነበረ። እናቴ ከአባቴ ጋር ስትኳረፍ ቡና ታፈላለች፤ ቡና አይቀርም። አቦሉን በእኔ ትልካለች። ቶናውን በእህቴ ትልካለች። በረካውን ግን ለማንም አትሰጥም። ራሷ ይዛ ትሄዳለች። "ይኸው እንግዲህ" ትላለች፣ ሌላ የለም። አባቴም "ይባርክ" ብሎ ይቀበላል። ጠቡ አለቀ ማለት ነው። ልጅ በረካ አይላክም፣ ምርቃት አለበት።


ጠይም ናት
ማክሰኞ፣ ጧት 3:20

አባታችን፣ አይቆጡኝና፣ ታዲያ ሁልጊዜ ቀድመው የሚሸነፉት እናትዎ ናቸው ማለት ነው? ጥፋቱ የአባትዎ ቢሆንም ሲኒ ይዘው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው እኮ።


የቁስቋም ሽማግሌ
ማክሰኞ፣ ጧት 3:45

አልቆጣም ልጄ፣ ደግ ጠየቅሽ። አባቴ የእናቴን በረካ ሲቀበል ከመቀመጫው ብድግ ይል ነበር። ለጳጳስ ካልሆነ ለማንም ብድግ የማይል ሰው። ማን ተሸነፈ ትያለሽ?


ጠይም ናት
ማክሰኞ፣ ጧት 3:50

አሁን ገባኝ አባታችን። ግን አሁንም አንድ ጊዜ እንኳ ሲኒውን እሳቸው ይዘው ቢሄዱ ደስ ይለኝ ነበር።


የሥነ ልቦና ባለሙያ
ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

ስለ ልጅቷ ደግነት አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊሊክስ ዋርንኬን እና ማይክል ቶማሴሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። 24 ሕፃናት ናቸው፣ ገና 18 ወራቸው፤ በደንብ እንኳ አያወሩም። አንድ የማያውቁት ሰው ልብስ ሲያሰጣ መቆንጠጫው ይወድቅበትና እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት ያቅተዋል። ማንም "አንሡልኝ" አላላቸውም። ከ24ቱ 22ቱ በተለያዩት ፈተናዎች ቢያንስ አንድ ጊዜ ሰውየውን ረድተዋል። ደስ የሚለው ደግሞ ሰውየው ሆን ብሎ ሲጥለው ብዙም አላነሡለትም። ማን እንደተቸገረና ማን እንዳልተቸገረ ይለያሉ ማለት ነው።

ስለዚህ "ቀጥ ያለ ነገር"፣ ልጅቷ ውሸት እየተለማመደች አይደለም። ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶ ሲያቅተው አይታ ነው የምታነሣላቸው። "ዝም አልኩ" የጻፈው ግን ከማንኛችንም በላይ ትክክል ነው፤ የ18 ወሩ ሕፃን መቆንጠጫውን ሰጥቶ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ያቺ ልጅ 11 ቀን ሙሉ አልተመለሰችም።

ለባልየው ደግሞ፦ ጆን ጎትማን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ባለትዳሮችን ለብዙ ዓመት ሲከታተል ቆይቷል። ትኩረቱ ትልልቁ ጠብ ላይ ብቻ አልነበረም፣ እንደ ዋዛ የምንወረውራትን ቃልም ይቆጥር ነበር። "ውይ፣ ውሃ መጣ እኮ!" ማለት ጥሪ ነው። ባል ከስልኩ ቀና ብሎ "እውነት? ጀሪካን ላምጣ?" ካለ መልሷል፤ "እህ" ካለ አልመለሰም። ጎትማን እንደሚለው ከስድስት ዓመት በኋላ አብረው የቆዩት ጥንዶች መጀመሪያ ላይ ከ100 ጥሪ 86ቱን ይመልሱ ነበር፣ የተፋቱት 33ቱን ብቻ።


ደባርቅ ያለሁ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:40

ይሄን ካነበብኩ በኋላ መጻፍ ግድ ሆነብኝ። ሥራዬ ደባርቅ ነው፣ ቤተሰቤ ጎንደር፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የምወርደው። ሚስቴ በየቀኑ ማታ ትደውልና "ምን በላህ?" ትለኛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ "ምግብ" ብዬ ነው የምመልሰው፤ እንደ ቀልድ። ምን ያደርግላታል ብዬ ነበር፣ አብስላ አትልክልኝ። ዛሬ ስትደውል "ድንች ወጥ፣ ጨው ያነሰው፣ ከጎን ካለችው ሴትዮ ቤት" አልኳት። 40 ደቂቃ አወራን። ካርዴ ነው ያለቀው እንጂ ወሬው አላለቀም።


ማራኪ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 1:52

በል እንግዲህ ነገ ደግሞ ቁርሱን ጨምርበት።


ፎቶኮፒው
ረቡዕ፣ ማታ 4:25

መልሶቻችሁን ሁሉ አንብቤአለሁ። ዛሬ የሆነውን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ትናንት ማታ። ባለቤቴ ጎረቤት ለቅሶ ሄዳ ነበር፣ ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ "እማዬ ሳትል ለምንድነው የምትጨምሪው?" አልኳት። አልደነገጠችም። እንደ ሞኝ አየችኝ። "መልእክት በሰላምታ ነው የሚጀምረው አባ። መምህሬ ብላናለች። እናንተ ሰላምታ አትጨምሩም።" ደብዳቤ አጻጻፍ ተምረው ነው ለካ። "ታዲያ ጃኬቱ ሰላምታ ነው?" ስላት ትንሽ አሰበችና "ለብርድ ነው" አለችኝ። በቃ። "ዝም አልኩ"ን አስታውሼ ምንም አልጨመርኩም።

ዛሬ የወላጅ ስብሰባ ነበር። ሁለታችንም ተነግሮናል፤ አንዳችን ብቻ እንሄዳለን ብለን ነበር፣ ማን እንደሚሄድ ግን ያልተነጋገርን ሰዎች እንዴት እንወስን? ሁለታችንም ሄድን። እሷ ከሥራ ቀጥታ፣ እኔ ሱቄን ዘግቼ። መምህርቷ የልጅቷ ቦታ ላይ አስቀመጠችን። የአንደኛ ክፍል ወንበር ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካኝ። ለሁለት ልጅ የተሠራች መቀመጫ ላይ 11 ቀን... ይቅርታ፣ 13 ቀን ያልተነጋገረ ባልና ሚስት ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀመጠ። የኔ ትከሻ የትኛው እንደሆነ፣ የሷ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

መምህርቷ ወጣት ናት፣ ጨዋ። በውጤቷ ደህና ናት አለችን። "ግን በዚህ ሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ ሆዴን አመመኝ ብላኛለች። ወተት በዝቶባት ነው ወይ? ደግሞ..." አለችና ሳቀች፣ "በእረፍት ሰዓት ሁለት ልጆች ሲጣሉ እየሮጠች ታስታርቃለች። ራሷ አትጫወትም። ብስኩቷን ሁለት ቦታ ቆርሳ ታካፍላቸዋለች፣ ለራሷ አታስቀርም።"

እኔ ወደ ዴስኩ አየሁ። በእስክሪብቶ ስሟን ጽፋለች። ከስሟ ጎን ሁለት ሰው ሥላለች፣ አፍ የላቸውም። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ይሄን ለድርሰት ብዬ አልጨመርኩም፤ ልጆች አፍ መሣል ይረሳሉ፣ ምናልባት ረስታው ይሆናል። ባለቤቴ ግን ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈችው።

ከዚያ ወጣን። ትምህርት ቤቱ ከፋሲል ግቢ በታች ነው፣ ወደ ፒያሳ ስንወጣ የግቢውን አጥር ይዘን ነው የምንሄደው። አስጎብኚዎች የግቢው አጥር ዙሪያው 900 ሜትር ነው ይላሉ። እኛ የሄድንበትን ያህል ዝም ብለን ሄድን። አንድ ጥግ ላይ ቆሎ ከምትሸጥ ሴትዮ ዘንድ ባለቤቴ ቆመች። ገዛች። እጇን ዘረጋችልኝ፣ ቆሎውን። እንግዲህ ቃል አይደለም፤ ገብስና ሽንብራ ነው።

"ልጅቱ ያላልሽውን እያለች ነው የምታመጣልኝ፣ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከሁለተኛው ቀን።"

"እንዴት አወቅሽ?"

እንደ ልጅቷ ነው ያየችኝ፣ ያቺው ዐይን። "አንተ ደክሞሻል ወይ ብለኸኝ ታውቃለህ? በ9 ዓመት?"

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ለማሰብ ሞከርኩ። አንድ ቀን እንኳ ባገኝ ብዬ። ስትወልድ "አይዞሽ" ብያለሁ። ስትታመም "ሐኪም ቤት እንሂድ" ብያለሁ። ደክሞሻል ወይ ግን... አላገኘሁም።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"መስማቱ ደስ ብሎኝ" አለች። ከዚያ አለቀሰች። ስለ ሆድ ሕመሙ ነው ያለቀሰችው፣ በኔ አይደለም። "እኔ እዚያ ማድቤት ቁጭ ብዬ ምን ትለኝ ይሆን እያልኩ እጠብቃታለሁ፣ ልጄን። እንደ ሬዲዮ። ሆዷን አሟታል ለካ።"


የአዘዞዋ
ረቡዕ፣ ማታ 4:40

ቢሮ ነው ያለሁት፣ የሌሊት ተረኛ ነኝ፣ ሰው እያየኝ ነው። እንባዬን በምን ልጥረገው።


ዝም አልኩ
ረቡዕ፣ ማታ 4:52

እናትና አባቴ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ቆመው "ልጁ ሆዱን ታሟል ለካ" ቢባባሉ ብዬ አነበብኩት። አመሰግናለሁ ስለጻፍከው። ልጅቱን አሁን ምን ብላችሁ ነገራችኋት?


ፎቶኮፒው
ረቡዕ፣ ማታ 5:10

ቤት ገብተን ሁለታችንም ፊቷ ቆምን። እናቷ ነች የተናገረችው። "ከእንግዲህ ለአባትሽ የምለውን ራሴ እለዋለሁ" አለቻት። እኔም "እኔም ለእናትሽ" አልኩ። ልጅት አንዴ ወደኔ አንዴ ወደሷ አየችና "እሺ፣ ልጫወት?" አለች። ሮጣ ወጣች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስትሮጥ አላየኋትም ነበር፣ እጇ ባዶ ሆኖ።

እራት ላይ ደግሞ ትንሹ ጉድ አመጣ። አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው፤ በኩርፊያው ሰሞን በኔና በሷ መካከል አራት ጣት የሚሆን ወጥ ያልነካው ደረቅ እንጀራ ነበር፣ ድንበር የሚመስል። ዛሬም በልማድ እንዲሁ ተቀመጥን። ትንሹ፣ የ4 ዓመቱ፣ ከኔ በኩል ያለውን እንቁላል በሁለት እጁ አነሣና ድንበሩን አሻግሮ እናቱ ፊት አስቀመጠው። "ያንቺ የለም" አላት። መርቄ ሰጠሁት እንጂ እኔም እንቁላል እወዳለሁ።


ቀጥ ያለ ነገር
ሐሙስ፣ ቀን 6:15

ስለ ልጅቷ የጻፍኩትን አንሥቻለሁ። ትንሹ ግን እንቁላል ሰርቋል፣ ይታረም።


ማራኪ ልጅ
ሐሙስ፣ ቀን 6:17

አግባ፣ ወንድሜ፣ አግባ።


የሦስት እናት
ቅዳሜ፣ ጧት 3:30

ፎቶኮፒው፣ ደህና ዋላችሁ? ሁሉም ቆሎውን አንብቦ ሄደ፣ እኔ ግን ያልተዘጋ ነገር አለ። 15,000 ብሩስ?


ፎቶኮፒው
ቅዳሜ፣ ማታ 3:05

እህቴ፣ አንቺ ነሽ የማታልፊው። ብሩ ገና ነው። ወንድሜ ባጃጁን ሠርቶ መንገድ ጀምሯል፣ በየሳምንቱ 1,000 እሰጣለሁ ብሏል። ባለቤቴ "ለኔ ነው የሚሰጠኝ፣ ላንተ ከሰጠ ትመልስለታለህ" አለች። ተስማማሁ። ዛሬ የመጀመሪያውን ይዞ መጣ፣ 800 ነው። ባለቤቴ ቆጠረችው፣ 200 ጎደለ አላለችም። ቡና አፈላች።

በረካውን እኔ ነኝ ያቀረብኩት። ሽማግሌው አባታችን ካነበቡ፣ ሲኒውን ይዤ ስሄድ ግማሹን አፍስሼዋለሁ፤ ባለቤቴም ብድግ አላለችም። "ደክሞሃል ወይ?" ብላ ሳቀችብኝ። ወንድሜ ምን እንደሚያስቃት አልገባውም።